ሩብ ሰው

ባለሙያው ለፍቶ፣ ደምሮ፣ አካፍሎ፣
"በካሬ ኪሎ ሜትር ሩብ ሰው አለ" ብሎ
መዝገብ አሸክሞ ላከኝ ወደ ጫካው።
ሩብ ሰው ምንድን ነው? በምንስ ነው የሚለካው?
እግሩ ነው ወይ ጆሮው ለካሬው የደረሰው?
ወይስ ሦስቱ ኦና፣ አራተኛው ላይ ሰው?

ሱሪናም ውስጥ ነው።
ከባሕሩ ዳርቻ አስፋልቱ ሲነሣ
ደረቱን ነፍቶ ነው፤ ቆይቶ ይሳሳል፤
ቀይ አፈር ይሆናል፣
የጎማ ፈር ብቻ፣ ከዚያ የእግር ዱካ፣
ከዚያ ውኃ።
መንገድ ተስፋ ሲቆርጥ ወረዳው ይጀምራል።

"ዋና ከተማው የት ነው?" አልኩት ባለታንኳውን።
ዶሲሊ ሞተሩን ዝቅ አድርጎ ሳቀ፦
"ከተማ የለንም። ዋና ግን አለልህ፤
ታንኳው የተገለበጠ ዕለት ይገባሃል።"

ወሰኑ ወንዝ ነው። ወንዙ በዝናብ ወር ያብጣል፤
አገሩ በየዓመቱ ጥቂት ይጠብና
በበጋ ይመለሳል።
እኔ የያዝኩት ካርታ ይህን አልሰማም፤
ዳር እስከ ዳር አረንጓዴ፣ እንደ ተደፋ ቀለም።
ዶሲሊ ግን ወንዙን የሚያነበው በድንጋይ ነው፦
ይህ "ድስት ሰባሪው"፣ ያ "አማት የጠላው"፣
ይህ በበጋ ብቻ ብቅ ብሎ የሚያወራው፣
ያ ማዶ ያለው ደግሞ
ስሙ በታንኳ ላይ የማይጠራው።
እሱ ዘንድ ስንደርስ ኮፍያውን አወለቀ።
እኔም አወለቅሁ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

እዚህ አገር ዝናብ ሁለቴ ይዘንባል፦
አንዴ ከሰማዩ፣ አንዴ ከቅጠሉ፤
ደመናው ሄዶ እንኳ፣ ፀሐይ ወጥታ እንኳ
ዛፎቹ ለብቻቸው ሲያንጠባጥቡ ይውላሉ፣
ወሬ እንደሚያቀብሉ፣
ከላይኛው ለታችኛው፣ ከታችኛው ለሥሩ።

በሦስተኛው ቀን ሰባት ቤት አገኘን።
አራቱ ተቆልፈዋል፣ አንዱን ምስጥ ጨርሶታል፣
አንዱ የዶሮ ሆኗል።
በሰባተኛው ደጃፍ ማ አፑምባ ተቀምጣ
ኦቾሎኒ ትፈለፍላለች።

"በዚህ ቤት ስንት ሰው ያድራል?"
"አሥራ አንድ" አለችኝ ቀና ሳትል።
አጮልቄ አየሁ፦ አንድ የገመድ አልጋ፣
አንድ ኩባያ፣ አንድ ጥንድ ነጠላ ጫማ።

ዝምታዬ ገብቷት መሰለኝ
ፎርሙ ላይ ፍሬ መደርደር ጀመረች።
"ይህቺ ልጄ ናት፤ ከተማ፣ የሆስፒታል ወለል ትወለውላለች።
ይህ ወንድሟ፤ ወርቅ ፍለጋ ገባ፤ ስልኩ ዝግ ነው።
እነዚህ ሦስቱ ወንዝ ተሻግረው የፈረንሳይ ፖሊስ ይሸሻሉ።
እነዚህ አምስቱ"
እዚህ ላይ ጣቷ ዘገየ፣
"ግድቡ መንደራችንን ሲውጠው
መቃብር ተሸክሞ መውጣት አልተቻለም፤ ከታች ናቸው።
ሐይቁ ሲጎድል የደረቀ ዛፍ ጫፍ ይታያል፤
አላፊ አግዳሚው ዛፍ ይለዋል፣
እኔ የማን ደጅ እንደሆነ አውቃለሁ።"
አሥራ አንደኛዋን ፍሬ አንሥታ ቆረጠመቻት፦
"እቺኛዋ አለች።"

መመሪያው ግልጽ ነው፤
"ትናንት ሌሊት በቤቱ ያደረ" ይላል።
አንድን በአኃዝ ጻፍኩ፤ አንዲት ቀጥ ያለች ጭረት።
የቀሩትን ፍሬዎች ሰብስባ እፍኜ ውስጥ ጨመረችልኝ፣
"ለመንገድ" ብላ፤ አሥሩንም።
ልበላቸው አልደፈርኩም።

ማታ በሸራው ሥር
ዶሲሊ እያንኮራፋ፣ ጫካው ውስጥ አንዳች ነገር እያገሣ፣
ብዕሬን አወጣሁ።
ከጭረቷ ጎን ሌላ ጭረት። ቀጭን፣
ከወባ ትንኝ እግር የማትበልጥ።

ባለሙያው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝ፦
"ይህ አሥራ አንድ ነው ወይስ እጅህን አዳልጦህ?"
ኪሴ ውስጥ አሥሩ ፍሬ እየተነካኩ።
"ታንኳው ነቅንቆኝ ነው" አልኩት።